ቆሮሶ በንጉሡ ኩሬ፦ 50 ዓሦች ታይላንድን የመገቡበት ጉዳይ

ለምን ይህን ጉዳይ መረጥኩት

ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ የበላ ሰው ቆሮሶን ያውቀዋል። ጣናም፣ ዝዋይም፣ ጫሞም የሚወጣው እሱው ነው። ይኸው ዓሣ ባንኮክ ውስጥ መንገድ ዳር ይጠበሳል። ሆዱ ውስጥ ጠጅ ሳር ይጠቀጠቃል፤ ከላይ በወፍራሙ ጨው ይለበጣል፤ ከዚያ ከሰል ላይ ቀስ ብሎ ይበስላል። ቆዳውና ጨዉ አንድ ላይ ሲላጥ ነጩ ሥጋ ይወጣል። ታይላንዳውያን ፕላ ኒን ይሉታል። ሲያዩት ከጥንት ጀምሮ ሲበሉት የኖሩ ይመስላል። ግን ታይላንድ የገባው በ1965 ነው።

ያስገባው የአንድ ልዑል ስጦታ፣ ያቆየው ደግሞ የአንድ ንጉሥ ትዕግሥት ነው። ስለ ታይላንዱ ንጉሥ ቡሚቦል አዱልያዴጅ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ዙፋን ላይ የቆዩበት ዘመን ርዝመት ነው፤ 70 ዓመት ከ4 ወር። እኔ ግን እኚህን ንጉሥ በአንድ ኩሬ በኩል ማየት እመርጣለሁ። እዚያ ኩሬ ላይ የተሳካውም ያልተሳካውም ነገር ፊት ለፊት ይታያል። ዓሣ ለሚያረባ፣ ዘር ለሚያባዛ፣ አዲስ ነገር ለገበሬ ለሚያደርስ ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ከንጉሡና ከጃፓኑ ልዑል በቀር በጉዳዩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በስም አልጠራም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ፦ ንጉሡ

ቡሚቦል የተወለዱት ታይላንድ ውስጥ አይደለም። ዲሴምበር 5 ቀን 1927፣ አሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ኬምብሪጅ ከተማ ነው። አባታቸው ሃርቫርድ ሕክምና ይማሩ ነበር። ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አባትየው ሞቱ። እናት ልጆቻቸውን ይዘው ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ገቡ። ታላቅ ወንድማቸው ገና በልጅነታቸው ነገሡ። ጁን 9 ቀን 1946 እኚህ ወንድም ቤተ መንግሥት ውስጥ በጥይት ተመትተው ሞተው ተገኙ። ቡሚቦል በዚያው ቀን፣ በ18 ዓመታቸው ንጉሥ ተባሉ።

ወዲያው አልተቀመጡም። ወደ ሎዛን ተመለሱ። የጀመሩትን የሳይንስ ትምህርት ትተው ሕግና ፖለቲካ ያዙ። በ1948 የደረሰባቸው የመኪና አደጋ የቀኝ ዓይናቸውን ብርሃን አሳጣቸው። በ1950 አግብተው፣ በዚያው ዓመት ሜይ 5 ቀን ዘውድ ጫኑ።

ዘመናቸው ጸጥ ያለ አልነበረም። የተሳካውና የከሸፈው ሲደመር ከ10 በላይ መፈንቅለ መንግሥት አይተዋል። ጄኔራሎች መጥተው ሄደዋል፤ ሕገ መንግሥት ተጽፎ ተሽሯል። በዚህ ሁሉ መሃል ንጉሡ ካርታ ይዘው፣ ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ገጠር ለገጠር ይዞሩ ነበር። ብዙ ታይላንዳውያን ዛሬም የሚያስታውሷቸው በዚያ ፎቶ ነው።

ባንኮክ መሃል ያለው መኖሪያቸው ቺትራላዳ ቀስ በቀስ የእርሻ ጣቢያ ሆነ። የሩዝ ማሳ ነበረው። የወተት ላሞች ገቡ። ወፍጮ ተተከለ። የዓሣ ኩሬም ተቆፈረ። የእኛ ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ችግሩ

ታይላንዳውያን የሚኮሩበት አንድ የድንጋይ ጽሑፍ አላቸው። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እንደተቀረጸ ይነገራል። በውሃው ዓሣ አለ፣ በማሳው ሩዝ አለ ይላል። ሩዙ እውነት ነው። ዓሣው ግን በየወቅቱ ነው። ዝናብ ሲመጣ ወንዝ ይሞላል፣ ዓሣም ከወንዙ ወጥቶ ማሳው ውስጥ ይዋኛል። በጋ ሲገባ ውሃው ይደርቃል፣ ዓሣውም ይጠፋል። በ1960 የሕዝቡ ቁጥር 26 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ እየጨመረም ነበር። ከባሕር ርቆ ያለው የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ ገበሬ ልጁን በሩዝ ያጠግባል፤ ሥጋና ዓሣ ግን ሁልጊዜ አያገኝም።

ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ማርባት መልስ ይመስላል። ግን የትኛውን ዓሣ? ከቻይና የመጡት የካርፕ ዓይነቶች ጥሩ ያድጋሉ፤ ኩሬ ውስጥ ግን በራሳቸው አይራቡም። ገበሬው በየዓመቱ የዓሣ ጫጩት መግዛት አለበት። ድሃ ገበሬ ደግሞ የሚፈልገው አንዴ ገዝቶ ራሱ የሚያባዛውን ነው፤ ልክ እንደ ዶሮ።

የመጀመሪያው ሙከራ

ይህን ክፍል ብዙዎች ይዘሉታል። እኔ ግን ያለ እሱ ቀሪው ታሪክ አይገባም እላለሁ።

ከቆሮሶ በፊት ሌላ ዓሣ ነበር። የቆሮሶ የቅርብ ዘመድ የሆነው የሞዛምቢክ ቲላፒያ ነው፤ ቲላፒያ የቆሮሶና የዘመዶቹ የወል ስም ነው። በ1949 ከማላያ (ከዛሬዋ ማሌዥያ)፣ ከፔናንግ ታይላንድ ገባ። ፕላ ሞ ቴት ብለው ሰየሙት፤ ቴት ማለት የውጭ ማለት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ንጉሡ ቤተ መንግሥታቸው ኩሬ ውስጥ አረቡት። ኖቬምበር 7 ቀን 1953 ጫጩቶቹን ከመላ አገሪቱ ለመጡ የቀበሌና የመንደር አለቆች አደሉ። እያንዳንዱ አለቃ ይዞ ሄዶ ለመንደሩ እንዲያባዛ ነው።

ዓሣው ተባዛ። ችግሩ እሱ ነበር። ጥቂት ወር ሳይሞላው፣ ገና ትንሽ ሳለ መውለድ ይጀምራል። ኩሬው በአጭር ጊዜ በጫጩት ይጨናነቃል። ምግቡ ለሁሉም አይበቃም፤ ሁሉም ድንክ ሆነው ይቀራሉ። ገበሬው መረብ ሲጥል መዳፍ የማይሞላ ጥቁር ዓሣ ይወጣል። የሆዱ ውስጠኛ ሽፋንም ጥቁር ነው፤ ዓይን አይስብም። ገበያ ላይ አልተወደደም።

ይህ ዓሣ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ከጃፓን የመጡት 50 ዓሦች

በዲሴምበር 1964 የጃፓኑ አልጋ ወራሽ አኪሂቶ ታይላንድን ጎበኙ። አኪሂቶ ስለ ዓሣ የሚያጠኑና ጽሑፍ የሚያሳትሙ የሳይንስ ሰው ናቸው። ጃፓን ደግሞ በ1962 ከግብፅ ያስገባችው ቆሮሶ ነበራት። ማርች 25 ቀን 1965 ልዑሉ 50 ዓሦች ላኩ። በአማካይ 9 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ፣ 14 ግራም የሚመዝኑ ናቸው። አንዱ ዓሣ ከጣት እምብዛም አይበልጥም።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ነገር ነው ጉዳዩን ለእኔ ልዩ የሚያደርገው። ዓሦቹ ወዲያው ለገበሬ አልታደሉም። ቺትራላዳ ውስጥ 10 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ባላት ኩሬ ገቡ። ከአንድ ሳሎን የማትበልጥ ኩሬ ናት። አምስት ወር ካለፈ በኋላ ብዙ ጫጩት ታየ። ንጉሡ ስድስት አዳዲስ ኩሬዎች አስቆፈሩ፤ እያንዳንዱ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1965 ዓሦቹን ከአሮጌው ኩሬ ወደ አዲሶቹ ራሳቸው አዛወሩ። የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ባለሙያዎችም በየወሩ እየመጡ እድገታቸውን እንዲለኩ ታዘዘ።

በየወሩ መለካት ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የመጀመሪያው ዓሣ የወደቀው ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ገበሬ እጅ ስለገባ ነው። ይህ ዓሣ ኩሬ ውስጥ ምን ያህል ይደርሳል? የአሁኑ መልስ ጥሩ ነበር። በአንድ ዓመት ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። አልጌና ቅጠላ ቅጠል ይበላል። ሥጋው ነጭ ነው፣ ጣዕሙም ጥሩ ነው። በራሱ ይራባል። ገበሬ የሚፈልገው ይህን ነበር።

ማርች 17 ቀን 1966፣ ዓሦቹ ከገቡ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ንጉሡ ስም አወጡለት፤ ፕላ ኒን። ስሙ ከሳይንሳዊ ስሙ ከኒሎቲከስ የተወሰደ ነው። ኒሎቲከስ ደግሞ የናይል ማለት ነው፤ የእኛው ዓባይ። ያን ዕለት ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ 10,000 ጫጩቶች ለዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ተሰጡ። ባንግኬን ባለው ጣቢያና በየክፍለ ሀገሩ ባሉ ሌሎች 15 የዓሣ ጣቢያዎች ገቡ። እዚያ ከተባዙ በኋላ ነው ለሕዝቡ የተሰጡት።

ታይላንዳውያን ደጋግመው የሚያወሩት አንድ ነገር አለ። ንጉሡ ይህን ዓሣ ገበታ ላይ አይነኩትም ነበር ይላሉ። እንደ ልጅ ያሳደጉትን እንዴት ይብሉት? የቤት በግ አሳድጎ ለበዓል ማረድ ያቃተው ሰው ይህ ይገባዋል።

ምን ተሳካ

ዓሣው አገሩን ለመደ። ገበሬው ኩሬ ላይ የዶሮ ቤት ይሠራል፤ ኩሱ ውሃው ውስጥ ይወድቃል፤ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ቆሮሶው ያንን አረንጓዴ ይበላል። ለመኖ የሚወጣው ገንዘብ ይቀንሳል። በወንዝ ላይ በሚንሳፈፍ የመረብ ቤት ውስጥም ይረባል። ዛሬ ታይላንድ ውስጥ በዓመት 200,000 ቶን ያህል ይመረታል። በርካሽ ከሚገኙ ዓሦች አንዱ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ስኬት ይህ ነው። የቅንጦት ምግብ ሆኖ አልቀረም።

ከአገር ውጭም ወጣ። በ1974 ባንግላዴሽ ከታይላንድ ወሰደች። በ1996 ብራዚል የቺትራላዳን ዘር አስገባች፤ እዚያም በስፋት ይረባል። ከአንዲት የቤተ መንግሥት ኩሬ የወጣ ዘር ውቅያኖስ ተሻግሮ የኩሬዋን ስም ይዞ ይኖራል።

ከዚህ በኋላ የግል ድርጅት ተጨመረበት። አንድ ትልቅ የታይላንድ የመኖ ኩባንያ ቀይ ቲላፒያ በማዳቀል አወጣ። በ1998 ንጉሡ ፕላ ታፕቲም አሉት። ታፕቲም በታይኛ ቀዩ ዕንቁም ነው፣ ሮማንም ነው።

ምን አልተሳካም

አሁን ወደ መጀመሪያው ዓሣ እንመለስ። የሞዛምቢኩ ቲላፒያ ቢጠላም አልጠፋም። በየቦዩና በየኩሬው ቀርቶ ነበር። ቆሮሶና እሱ ዘመድ ናቸው፤ ሲገናኙ ይዳቀላሉ። ጎርፍ ሲመጣ ኩሬ ከኩሬ ይቀላቀላል። የገበሬው ኩሬ ውስጥ ያለው ቆሮሶ ሳይታወቅ የዚያ የድንኩ ዓሣ ደም ገባበት። እድገቱ ዘገየ። ተመራማሪዎች በኋላ የዘር ምርመራ ሲያደርጉ ይህ መቀላቀል ተረጋገጠ። ቀድሞ ወድቆ የተተወ ፕሮጀክት የተሳካውን ከሥር በላው ማለት ነው።

ያዳነው ቺትራላዳ ነው። የቤተ መንግሥቱ ኩሬዎች ለብቻቸው ተጠብቀው ስለነበር ንጹሑ ዘር አልጠፋም። የእርባታ ባለሙያዎች ዘር ሲበላሽባቸው ምንጩ ጋ መመለስ ቻሉ። እኔ ከጉዳዩ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ነው። ምንጩን የጠበቁት ሠራተኞች ስማቸው አይነሳም። በየዓመቱ ኩሬ ያጸዳሉ፣ የባዕድ ዓሣ እንዳይገባ ይከላከላሉ። ለጋዜጣ የሚሆን ወሬ የለውም።

ሁለተኛው ችግር የመራባት ችግር ነው። ቆሮሶ ከሞዛምቢኩ ይሻላል እንጂ እሱም ኩሬ ያጨናንቃል። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። በዚያ ጊዜ በወጉ አትበላም፤ ከወንዱ ያነሰ ታድጋለች። በ1980ዎቹ ባንኮክ አጠገብ ባለ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራበት ዘዴ መልስ ሰጠ። ለተፈለፈሉ ጫጩቶች ለ3 ሳምንት ያህል ሆርሞን የተቀላቀለ መኖ ይሰጣል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንድ ሆነው ያድጋሉ። ምርቱ ጨመረ። ግን ዋጋ አለው። ገበሬው ከእንግዲህ ራሱ አያባዛም። ጫጩት ከእርባታ ጣቢያ ይገዛል። በ1965 ቆሮሶ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ድሃው ራሱ ያባዛዋል ተብሎ ነበር። ያ ምክንያት ተሸረሸረ።

ሦስተኛው፣ ዓሣው ኩሬ ውስጥ ብቻ አልቀረም። ወንዝና ግድብ ውስጥ ገብቶ በራሱ ይኖራል። የአገሩን ዓሦች ምግብና ቦታ ይሻማል። ወንዝ ውስጥ በመረብ ቤት የሚያረቡ ገበሬዎችም በበኩላቸው ተጎጂ ናቸው። ውሃው አየር ሲያጣ በአንድ ሌሊት መንጋው ያልቃል። በ2017 ደግሞ ቲላፒያን የሚገድል ቫይረስ ታይላንድ ውስጥ መገኘቱ ተዘገበ።

አራተኛው ከዓሣው ጋር የተያያዘ አይመስልም፤ ግን ነው። ታይላንድ ውስጥ ንጉሡን መዝለፍ ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። በዚህ ሕግ ብዙ ሰው ታስሯል። ንጉሡ የጀመሯቸው ፕሮጀክቶች ከ4,000 በላይ እንደሆኑ ይነገራል። እንዲህ ባለ አገር ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ሠራ፣ የትኛው አልሠራም ብሎ በነፃነት መመዘን ይከብዳል። ቆሮሶ ገበያ ስለሚወጣ ራሱን ይመዝናል። ሰው ካልወደደው አይገዛውም። ገበያ የማይመዝነው ፕሮጀክት ግን ተመስግኖ ብቻ ሊቀር ይችላል። ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ንጉሡ መልካም ሥራ መጻፍ ትክክል አይመስለኝም።

ከዚህ ምን ይወሰዳል

አንደኛ ነገር፣ አንድ ዓመት መጠበቅ። በ1953 ዓሣው በቀጥታ ለአለቆቹ ታደለ። በ1965 መጀመሪያ ተለካ። ሁለቱንም ያደረጉት ያው አንድ ሰው ናቸው፤ ተምረዋል ማለት ነው። ረጅም ዘመን መንገሥ እዚህ ላይ ጠቅሟል። ባለሥልጣን በየሁለት ዓመቱ በሚቀያየርበት አገር፣ የመጀመሪያውን ውድቀት የሚያስታውስ ሰው ሁለተኛው ሙከራ ላይ ተገኝቷል። ንጉሥ በሌለበት አገር ይህን ሥራ የሚሠራው መዝገብ ነው። የከሸፈ ፕሮጀክት ፋይሉ ተጥሎ ከሆነ ቀጣዩ ሰው ያንኑ ይደግመዋል።

ዘሩን ለተቋም መስጠትም እንዲሁ። 10,000ው ጫጩት የሄደው ውሃ ወደሚቀይር፣ መኖ ወደሚሰጥ፣ ቀጣዩን ዓመት ወደሚያስብ ጣቢያ ነው። ለፎቶ ተብሎ በየወንዙ ቢደፋ ኖሮ ዛሬ የምናወራው አይኖርም ነበር። ከተሰጠ በኋላም ምንጩ አልተዘጋም። ዘር የሚያድል ድርጅት ሁሉ፣ የጤፍም ይሁን የዶሮ፣ ማንም የማይነካው የራሱ ኩሬ ያስፈልገዋል።

አዲስ ነገር ሲገባ ደግሞ አሮጌው የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የሞዛምቢኩን ቲላፒያ ማንም ሰብስቦ አላወጣውም። በውሃ ውስጥ የተለቀቀ ነገር ተመልሶ አይለቀምም፤ ስለዚህ ጥያቄው መነሳት ያለበት ከመልቀቅ በፊት ነው።

ወደ እኛ ውሃ

ንጉሥ ቡሚቦል ኦክቶበር 13 ቀን 2016 በ88 ዓመታቸው ባንኮክ፣ ሲሪራጅ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። አገሩ ጥቁር ለበሰ። ሥርዓተ ቀብራቸው በእሳት የተፈጸመው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

ለታይላንድ ቆሮሶ እንግዳ ነው። ለእኛ ግን የቤት ልጅ ነው። የጣናው ቆሮሶ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ቆሮሶ ይለያል፤ ተመራማሪዎች ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ነው ብለው በጣና ስም ሰይመውታል። በ1988 ፊሊፒንስ ውስጥ በዓለም የታወቀውን የተሻሻለ ቲላፒያ ማዳቀል ሲጀመር የዱር ዘር የተሰበሰበው ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል ነበር። ከእርባታ ከተወሰዱት መካከል የታይላንዱ አለበት፤ የዚያች የ10 ካሬ ሜትር ኩሬ ዘር። ከኢትዮጵያ የተወሰደ አልነበረም።

አሁን አገራችን ውስጥ ኩሬ የሚቆፍር ገበሬ በዝቷል። በፍጥነት የሚያድግ የውጭ ዘር ይግባልን የሚል ጥያቄም መምጣቱ አይቀርም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ታይላንድ ሲገባ የሚበላሽ የአገር ቆሮሶ አልነበራትም። እኛ አለን። ከውጭ የገባ ዓሣ ከኩሬ አምልጦ ጣና ከገባ፣ ከጣናው ጋር ይዳቀላል። ለጣናው ዘር የተለየች፣ የተጠበቀች ኩሬ መቆፈር ያለባት ከዚያ በፊት ነው።